ሳያዩ መፍረድ፦ የፊልም ተመልካቾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማንም ሰው የማይወደውን ፊልም ያለማየት መብት አለው። ከሥራ በኋላ የተረፈችውን የሁለት ሰዓት ዕረፍት በምን እንደሚያሳልፋት ሌላ ሰው ሊወስንለት አይገባም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ግን ከዚያ አስቀድሞ መመለስ ካለበት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «አልወድም» የምንለው ነገር በእርግጥ አይተን የመዘንነው ነው ወይስ ከሩቅ ተመልክተን በራችንን የዘጋንበት የሚል ነው። ምርጫ ከማየት በኋላ የሚመጣ ሲሆን ጭፍን ጥላቻ ግን ማየትን ይቀድማል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ሰው ጭፍን ጥላቻውን «ምርጫዬ ነው» እያለ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ይችላል። በዚህ የሚጎዱት ፊልሞቹ አይደሉም፤ የሚጎዳው ከ1895 ጀምሮ በየአገሩ ሲሠራበት ከኖረ ሰፊ ጥበብ ውስጥ አንዲት ጠባብ ጥግ ብቻ ይዞ የሚቀረው ተመልካች ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ክብደታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዶቹ በጥቂት ቃላት የሚታረሙ ሲሆኑ ሌሎቹ ግን ረጋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋሉ። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቆየ ፊልም ሁሉ ያልበሰለ ነው ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው ስህተት ይህ ይመስለኛል። «ጥቁርና ነጭ ከሆነ አላይም» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ በልቡ የያዘው ሐሳብ፣ የዚያ ዘመን ባለሙያዎች በጥቁርና ነጭ የሠሩት ቀለም ስላልነበራቸው ብቻ ነው፣ ቀለም እንደተገኘም ያንን እርግፍ አድርገው ተዉት የሚል ነው። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ቀለማትን አሟልቶ የሚቀርጸው የቴክኒከለር ዘዴ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሎ በ1935 ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ተሠርቶበታል፤ ጥቁርና ነጭ ግን ከዚያም በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ከባለቀለሙ ጎን ለጎን ዘልቋል። የቀለም ውድነት አንዱ ምክንያት እንደነበረ አይካድም፤ ብቸኛው ምክንያት ግን አልነበረም። የኦስካር ሸላሚዎች ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ባሉት አብዛኞቹ ዓመታት ለካሜራ ሥራ ሁለት ሽልማት፣ አንዱን ለባለቀለም ሌላውን ለጥቁርና ነጭ፣ ይሰጡ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚለኩ ሥራዎች አልነበሩምና። በጥቁርና ነጭ የሚሠራ የካሜራ ባለሙያ ፊትን ከግድግዳ፣ ልብስን ከጨለማ የሚለየው በብርሃንና በጥላ ብቻ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ መብራት የሚቀመጥበት ቦታ የታሪኩ አንድ ክፍል ይሆናል።

አልፍሬድ ሂችኮክ በ1959 ባለቀለም ፊልም ካወጣ በኋላ በማግሥቱ ዓመት «ሳይኮ»ን በጥቁርና ነጭ ሠርቷል። ወጪ ለመቆጠብ መፈለጉ እውነት ነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ ትዕይንት የሚፈሰው ደም ቀይ ሆኖ ቢታይ ከሚገባው በላይ ይዘገንናል የሚል ስሌትም ነበረው። ደም መስሎ የሚታየውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ካሜራ ፊት ከእውነተኛው ደም ይልቅ ደም የሚመስለው እሱ ነበርና። ቀለም እንደ ልብ በሚገኝበት በ1993 ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ «ሺንድለርስ ሊስት»ን በአብዛኛው በጥቁርና ነጭ ቀርጾ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ኦስካር ተቀብሎበታል። እንግዲህ የቀለም አለመኖርን እንደ ድህነት የሚያይ ተመልካች፣ የባለሙያውን ውሳኔ ከእጥረት ጋር እያምታታ ነው ማለት ነው።

ለድምፅ አልባ ፊልሞች ያለው ንቀት ደግሞ በከፊል የመነጨው ከአታይ ስህተት ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሰዎች እንደ አሻንጉሊት ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲራመዱ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራው በእጅ እየተሽከረከረ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 የሚደርሱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ሥዕሎችን ይቀርጽ ነበር፤ ድምፅ ከመጣ በኋላ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ላይ ጸና። በ16 የተቀረጸው በ24 ሲታይ እንቅስቃሴው በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል፤ ሐዘንተኛው ይሮጣል፣ ሙሽራዋ ትዘላለች። ይህ የሠሪዎቹ ጥፋት አልነበረም። ዝምታውም ቢሆን የእነሱ አልነበረም፤ በትንሹ አዳራሽ ፒያኖ፣ በትልቁ ደግሞ ሙሉ ኦርኬስትራ እዚያው እየተጫወተ ይታይ ነበርና። የምስሉ ድብዝዝነትም እንዲሁ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በስፋት ያገለገለው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ የሚቀጣጠልና በጊዜ ብዛት የሚበሰብስ ስለሆነ፣ ለእኛ የደረሰን ብዙ ጊዜ የቅጂ ቅጂ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዚያ አገር ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ሙሉ ርዝመት ያላቸው ድምፅ አልባ ፊልሞች መካከል በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእሳትና ከብስባሴ የተረፈን ቁራጭ አይቶ በዘመኑ ሁሉ ላይ መፍረድ ከባድ በደል ነው።

ይህን ስህተት ለማረም የሚሻ ሰው በትክክለኛ ፍጥነቱ የታደሰ ቅጂ ይፈልግ፤ በኮሜዲም ይጀምር። በስተር ኪተን በ1928 በሠራው ፊልም ውስጥ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በላዩ ላይ ሲወድቅ፣ እርሱ በተከፈተችው መስኮት ልክ ቆሞ ስለነበር ሳይነካው ያልፋል። ግድግዳው ሁለት ቶን ያህል የሚመዝን እውነተኛ ግድግዳ ነበር፤ ኪተን ጥቂት ቢንቀሳቀስ ኖሮ ይሞት ነበር። ያን ትዕይንት ለማድነቅ የፊልም ታሪክ ማጥናት አያስፈልግም።

«እያነበብኩ ፊልም አላይም» ማለት

ይህን የሚሉ ሰዎች ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። ዓይን ወደ ታችኛው ጽሑፍ በወረደ ቁጥር የተዋናዩ ፊት ለአፍታ ያመልጣል፤ ለዚህ ያልለመደ ሰውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይደክመዋል። ስህተቱ ያለው ያንን የመጀመሪያ ድካም የዘላለም እንቅፋት አድርጎ መያዙ ላይ ነው። የትርጉም ጽሑፍ ወይም በተለምዶ ሰብታይትል የምንለው ሥራ ዓይንን እንዳያደክም የራሱ ሕግ አለው፦ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም፣ በእያንዳንዱ መስመር የሚገቡት ፊደላት በላቲን አጻጻፍ ወደ 40 ይጠጋሉ፣ በስክሪኑ ላይ የሚቆየውም ቢበዛ ስድስት ወይም ሰባት ሰከንድ ነው። በዚህ ጥበት ውስጥ ንግግሩ ሁሉ ስለማይገባ ተርጓሚው ዋናውን ሐሳብ አጥሮና ጨምቆ ያቀርባል። የቀረውን የሚሰጠን የተዋናዩ ድምፅ ነው፤ ቃሉን ባናውቀውም ማመንታቱን፣ ቁጣውን አምቆ መያዙን፣ በመሐል ትንፋሹ መቆረጡን ጆሯችን ይሰማል። ከአራት ወይም ከአምስት ፊልም በኋላ አብዛኛው ሰው ማንበቡን ራሱ ይረሳዋል። እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ገጸ ባሕርያቱ በራሴ ቋንቋ የተናገሩ ያህል ንግግራቸውን ማስታወሴ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

በየካቲት 2020 የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» በኦስካር ምርጥ ፊልም ተብሎ ሲሸለም፣ ከእንግሊዝኛ ውጪ በሆነ ቋንቋ ተሠርቶ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ፊልም ነበር። ሽልማቱ መሰጠት ከጀመረ ያ 92ኛው ጊዜ ነው። የፊልሙ ዳይሬክተር ቦንግ ጁን-ሆ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በሌላ የሽልማት መድረክ ላይ፣ የአንድ ኢንች ቁመት ያላትን የትርጉም ጽሑፍ አጥር የተሻገረ ሰው እጅግ ብዙ ድንቅ ፊልሞችን እንደሚያገኝ ተናግሮ ነበር። ዘጠና ዓመት የፈጀው የአጥሩ ከፍታ አልነበረም፤ ለመሻገር አለመሞከሩ ነው።

በአንጻሩ የቆመ ንቀትም አለ። በድምፅ የተተረጎመ ፊልም የሚያይን ሰው ያልሠለጠነ ተመልካች አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በጣሊያን ንግግሩ በብዛት የሚቀዳው ከቀረጻው በኋላ በስቱዲዮ ነበር፤ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተዋናዮች በአንድ ትዕይንት እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው የተናገሩባቸው ፊልሞችም አሉ። የእነዚህ ፊልሞች «እውነተኛ ድምፅ» ራሱ በኋላ የተደረበ ነው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ፣ ዓይኑ የደከመ አዛውንትም በራሳቸው ቋንቋ ሰምተው የሚደሰቱበት መንገድ ሊነቀፍባቸው አይገባም።

የአንድን አገር ሲኒማ በአንድ ዓይነት ፊልም መመዘን

«የሕንድ ፊልም ዘፈንና ጭፈራ ነው» ሲባል ያልሰማ የለም። ሕንድ በብዙ ቋንቋዎች በዓመት ከሺህ በላይ ፊልም የምታወጣ አገር ናት፤ ቦሊውድ የሚለው ስም የሚመለከተው በሙምባይ በሂንዲ ቋንቋ የሚሠራውን ክፍል ብቻ ነው። የቤንጋሊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ራይ በ1955 ያወጣው የመጀመሪያ ፊልሙ፣ በገንዘብ እጦት እየተቋረጠ ለዓመታት ተቀርጾ የተጠናቀቀ፣ የአንድ ድሃ የገጠር ቤተሰብ ሕይወት በጸጥታ የሚታይበት፣ ዘፈንና ጭፈራ የሌለበት ሥራ ነው። በሌላ በኩል ዘፈን ራሱ ነውር አይደለም። በመልካም ሙዚቃዊ ፊልም ገጸ ባሕርይው የሚዘፍነው በንግግር ሊወጣ የማይችል ስሜት ሲሞላበት ስለሆነ፣ ዘፈኑን እየዘለለ የሚያይ ሰው የታሪኩን ልብ እየዘለለ ነው።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ደግሞ መጀመሪያ ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። መጻሕፍቱ ማንበብ ለማይችለው ወገኑ እንደማይደርሱ ስለተረዳ ፊልም ተምሮ ካሜራ አነሣ፤ በ1966 የሠራው ፊልምም በፈረንሳይ ቤት ሠራተኛ የሆነች ወጣት ሴትን ብቸኝነት በአንድ ሰዓት ገደማ ይተርካል። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ በ1997 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት የተጋራበት ፊልም አብዛኛው ክፍሉ በመኪና ውስጥ የሚደረግ ጭውውት ነው። አንድ አገር አንድ ዓይነት ፊልም ብቻ እንደሚሠራ የሚመስለን፣ ወደ እኛ የሚደርሰው አከፋፋዮች ይሸጣል ብለው የመረጡት ስለሆነ ነው። «የሆሊውድ ፊልም ሁሉ ባዶ ተኩስ ነው» የሚለው የተማረ መሳይ ፍርድም የሚወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

አኒሜሽን የልጆች ነው ማለት

አኒሜሽን የአሠራር ዘዴ እንጂ የታሪክ ዓይነት አይደለም፤ በእርሱ ተረትም፣ ጦርነትም፣ ዘጋቢ ፊልምም ይሠራል። ጃፓናዊው ኢሳኦ ታካሃታ በ1988 ያወጣው «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በኮቤ ከተማ በቦምብ ድብደባ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት በረሃብ የሚሞቱበት ታሪክ ነው። ፊልሙ በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የገባው ለልጆች ከሚስማማ ለስላሳ አኒሜሽን ጋር ተጣምሮ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፕሮግራም ነበር። ሥዕል ሁሉ የልጅ ነው የሚለው እምነት በአንድ በኩል ዐዋቂውን ከታላላቅ ሥራዎች ሲያርቅ፣ በሌላ በኩል ልጅን ሊሸከመው ከማይችለው ነገር ፊት ያስቀምጣል። ወላጆች ይህን ሁለተኛውን ጉዳት በተለይ ልብ ሊሉት ይገባል፤ ሥዕሉ ማማሩን አይቶ ልጅን ብቻውን ስክሪን ፊት ትቶ መሄድ ከባድ ስህተት ነው።

አኒሜሽን በተዋናይና በካሜራ የማይቻለውን የሚችልበት ጊዜም አለ። በ2021 የወጣው «ፍሊ» የተባለ የዴንማርክ ፊልም ከአፍጋኒስታን የተሰደደን ሰው እውነተኛ ታሪክ ሲተርክ ባለታሪኩን በሥዕል ያቀረበው ማንነቱን ለመጠበቅ ነው። ድምፁ የእርሱ ነው፤ ፊቱ ግን ተሰውሯል። በኦስካርም በአንድ ጊዜ በዘጋቢ፣ በዓለም አቀፍና በአኒሜሽን ዘርፎች ታጭቷል።

ማሳቅና ማስፈራራትን ቀላል ሥራ አድርጎ መናቅ

ሐዘን የበዛበት ፊልም ከባድ፣ የሚያስቅ ፊልም ደግሞ ቀላል ነው የሚል ልማድ በተመልካቹ ብቻ ሳይሆን በሸላሚዎችም ዘንድ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከወጡት ፊልሞች መካከል ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ወንድ ተዋናይ፣ ምርጥ ሴት ተዋናይና ምርጥ የፊልም ጽሑፍ የተባሉትን አምስቱን ዐበይት የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልለው የወሰዱት ሦስት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው በ1934 የወጣ የፍቅር ኮሜዲ ሲሆን ሦስተኛው በ1991 የወጣ፣ ሰው የሚበላ ሐኪም ያለበት አስፈሪ ፊልም ነው። ማለትም የተናቁት ሁለቱ ዘርፎች ዕድል ባገኙ ጊዜ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ቆመዋል።

የሥራው ክብደት ለሚያስተውለው ይታያል። የሚያስቅ ትዕይንት ሕይወቱ በጊዜ አጠባበቅ ላይ ነው፤ ኤዲተሩ በሰከንድ ከሚያልፉት 24 ሥዕሎች ጥቂቶቹን ቢቀንስ ወይም ቢጨምር ሳቁ ይጠፋል። ሐዘን ይህን ያህል ጭካኔ የለውም፤ ትንሽ ቢዘገይም ተመልካቹ አብሮ ያዝናል። አስፈሪ ፊልም ደግሞ የሚሠራው በሚያሳየው ብቻ ሳይሆን በሚሰውረው ነው። በ1975 የወጣው «ጆውስ» ሲቀረጽ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ሻርክ በባሕሩ ጨዋማ ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ ዳይሬክተሩ አውሬውን በአብዛኛው ሳያሳይ በውኃው ገጽታና በሙዚቃው ብቻ መምጣቱን እንዲያሳውቅ ተገደደ፤ ፍርሃቱም በዚያው መጠን በረታ። ደም ማየት የማይፈልግ ሰው አያስገድዱት፤ ነገር ግን የዚህ ዘርፍ ብዙዎቹ ምርጥ ሥራዎች ደም የሚታይባቸው እንዳልሆኑ ቢያውቅ መልካም ነው።

ቁጥር አይቶ መወሰን

በአሁኑ ጊዜ ጭፍን ፍርድ ከሚለብሳቸው ልብሶች ሁሉ በጣም አሳማኝ የሚመስለው ቁጥር ነው። «ይህ ፊልም ያገኘው 58 በመቶ ነው፣ ጊዜዬን አላባክንም» ይባላል። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው ድረ ገጽ የሚታየው መቶኛ የፊልሙ ውጤት አይደለም፤ ስለ ፊልሙ ከጻፉት ሃያስያን መካከል በጥቅሉ በጎ አስተያየት የሰጡት ስንት በመቶ እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መቶ ሃያስያን አንድን ፊልም «ደኅና ነው፣ ክፉ አይደለም» ብለው ቢያልፉት ያ ፊልም 100 በመቶ ያገኛል። ሌላው ፊልም ደግሞ 55ቱን ከመቀመጫቸው ያስነሣ፣ 45ቱን ያስቆጣ ቢሆን 55 በመቶ ይዞ 60 በመቶ ከሆነው የማለፊያ መስመር በታች ይወድቃል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱ አንዱን ዛሬ እንድመርጥ ብጠየቅ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሰዎችን በዚህ ልክ የከፈለ ሥራ ቢያንስ የሚለው ነገር አለውና። ሌሎች ድረ ገጾች የሚሰጡት አማካይም ቢሆን ተመሳሳይ ጉድለት አለበት፤ የማንን ጣዕም እንደሚለካ ሳናውቅ የራሳችንን ጣዕም ለእርሱ እናስረክባለን።

የገበያ ቁጥርም እንዲሁ ያሳስታል። ዛሬ ብዙ ሰው ከሚወዳቸው ፊልሞች አንዱ የሆነው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» በ1994 በ25 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ተሠርቶ በመጀመሪያው ዙር ያስገባው ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። በሰባት ዘርፍ ለኦስካር ታጭቶም አንድም አላገኘም። ያዳነው ከዚያ በኋላ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን ያዩት ሰዎች ፍቅር ነው። የሂችኮክ «ቨርቲጎ» በ1958 ሲወጣ አቀባበሉ የተደበላለቀ ነበር፤ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ መጽሔት በየአሥር ዓመቱ በሚያደርገው የሃያስያን ምርጫ ግን በ2012 አንደኛ ሆነ። በ54 ዓመት ውስጥ ፊልሙ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ሃያሲን ጨርሶ ማንበብ ይቅር ማለቴ አይደለም። ቁጥሩን ትቶ ጽሑፉን ማንበብ ይሻላል። ጣዕሙን የምናውቀው አንድ ሃያሲ፣ ሁልጊዜ የማንስማማበት እንኳ ቢሆን፣ ከመቶኛው የበለጠ ይጠቅማል፤ እርሱ የጠላበትን ምክንያት አንብበን «ይህ ለእኔ ነው» ልንል እንችላለንና።

«መጽሐፉ ይበልጣል» በሚል ቃል መዝጋት

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ቃል የሚነገረው ፊልሙ ከመጽሐፉ የጎደለውን በመቁጠር ብቻ ነው። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም ጽሑፍ ወደ 120 ገጽ ይጠጋል፤ ያውም ሰፋፊ ባዶ ቦታ ያለበት ገጽ ነው። አራት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ወደዚህ ሲመጣ መቆረጡ የግድ ነው። ጥያቄው የተቆረጠው ምን እንደሆነ ሳይሆን፣ የቀረው በራሱ ይቆማል ወይ የሚለው መሆን አለበት። በ1972 የወጣው «ዘ ጎድፋዘር» ጽሑፉን ያዘጋጁት ራሱ ደራሲው ማሪዮ ፑዞና ዳይሬክተሩ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ናቸው። የማፊያ አለቃ የሆነውን የአባትዬውን የወጣትነት ታሪክ ከመጀመሪያው ፊልም አወጡት፤ በ1974 በተከተለው ክፍል ደግሞ ከልጁ ሕይወት ጋር ጎን ለጎን አሰናስለው መለሱት። መጽሐፉን የጻፈው እጅ ራሱ ከቆረጠ፣ መቁረጥ ክህደት ነው ማለት ይከብዳል።

በኮምፒውተር የተሠራውን ሁሉ መጥላት

ይህ አጭር መልስ ያለው ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ምስል አስቀያሚ ነው የምንለው አስቀያሚውን ብቻ ስለምንለይ ነው፤ በመልካም የተሠራው እንደ እውነት ስለሚያልፍ አይቆጠርለትም። በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» በእውነተኛ መኪኖችና በእውነተኛ ግጭቶች በመሠራቱ በየቦታው ተወድሷል፤ ውዳሴውም ይገባዋል። በዚያው ፊልም ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ቁራጮች) በኮምፒውተር የተነኩ ናቸው። ሰማዩ፣ አቧራው፣ የመሪዋ ሴት የተቆረጠ ክንድ ሁሉ ሁለቱ ጥበቦች ተረዳድተው ያስገኟቸው ናቸው።

ዝግ ያለውን «ምንም የለበትም» ማለት፣ የፈጠነውን ደግሞ መናቅ

እነዚህ ሁለት ስህተቶች አብረው የሚታዩ ናቸው። በ2022 በ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ምርጫ አንደኛ የወጣው የዳይሬክተሯ የሻንታል አከርማን ፊልም በ1975 የተሠራ ሲሆን 201 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአብዛኛው የምናየው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ለሦስት ቀን ምግብ ስታበስል፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ዕቃ ስታጥብ ነው። ተመልካቹ የመጀመሪያውን ቀን ሥርዓቷን በትዕግሥት ካላየ፣ በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከመጠን በላይ ሲበስልባት የሚመጣውን ድንጋጤ ሊያገኘው አይችልም። ዝግታው የተመረጠው ትንሿ ጥፋት እንደ መሬት መንቀጥቀጥ እንድትሰማን ነው። ሆኖም ይህን የተረዳ ሰው ቶሎ የሚጋበዝበት ሌላ ወጥመድ አለ፤ አሰልቺ የሆነውን ሁሉ ጥልቅ፣ የሚያዝናናውን ሁሉ ተራ አድርጎ መቁጠር። ልብ የሚያንጠለጥል ፊልም የሚወድን ሰው ማሸማቀቅ ማንንም ወደ ሌላ ፊልም አምጥቶ አያውቅም፤ ይልቁንም ያ ሰው የተጠቆመውን ሁሉ እንዲጠላ ያደርገዋል። የሚበጀው የሚወደውን ነገር አክብሮ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ብቻ የሚርቅ ፊልም መጠቆም ነው።

የመጀመሪያውን ፍርድ የመጨረሻ ማድረግ

በወጣትነቴ «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» የተባለውን የ1957 ፊልም ሃያ ደቂቃ አይቼ ተውኩት። በአንድ ተከሳሽ ላይ ለመፍረድ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚከራከሩ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ያውም በጥቁርና ነጭ፤ ይህ የተቀረጸ ቲያትር እንጂ ፊልም አይደለም ብዬ ወሰንኩ። ለብዙ ዓመታትም ሰው ሲያመሰግነው በሰማሁ ቁጥር ያንኑ ቃል ደገምኩ። ሃያ ደቂቃ ብቻ ማየቴን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ስመለስበት የጠበቀኝ ሌላ ፊልም ነበር። ዳይሬክተሩ ሲድኒ ሉሜት ካሜራውን በመጀመሪያው ሢሶ ከዓይን ቁመት በላይ፣ በሁለተኛው በዓይን ቁመት፣ በመጨረሻው ደግሞ ከዓይን በታች አስቀምጦታል፤ ሌንሱንም እየቀያየረ ግድግዳዎቹን ወደ ሰዎቹ አቅርቧቸዋል። ክፍሉ አይለወጥም፤ ነገር ግን ክርክሩ በከረረ መጠን ይጠባል፣ ወደ ማብቂያውም ቀድሞ ያላየነው ጣሪያ በራሳቸው ላይ ይታያል። ቲያትር ይህን ሊያደርግ አይችልም። ከዚያ ሰዎቹ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ወጥተው ሲለያዩ፣ ሉሜት በፊልሙ ውስጥ ከተጠቀመባቸው ሁሉ ሰፊውን ሌንስ አድርጎ ካሜራውን እንደገና ከፍ ያደርገዋል። ዝናቡ አባርቷል፤ እኔም አብሬያቸው ተነፈስኩ።